«ቡና ብቻ ነው የቀመስኩት» - የቀድሞ ወታደሮችና የሰመመን ሕክምና በወለጋ



ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። በወለጋ ከሚገኙት ከተሞች በአንደኛው፣ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል በር ላይ አንድ አዛውንት በተሽከርካሪ አልጋ ተጋድመው ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። በ1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ ቀኝ እግራቸውን ከጉልበት በታች ያጡ የቀድሞ ወታደር ናቸው። የተረፈው አጥንት ጫፍ ቆዳውን እየገፋ ቁስሉ አልድን ስላላቸው፣ አጥንቱን ጥቂት አሳጥሮ እንደገና ለመስፋት ቀጠሮ ተይዞላቸዋል። እኔ የሰመመን ባለሙያ ነኝና እንደ ደንቡ ጠየቅኋቸው።

«አባቴ፣ ዛሬ ምግብ ቀምሰዋል?»

«ኧረ ምንም! አይብሉ ብላችሁኝ የለ እንዴ? ቡና ብቻ ነው የቀመስኩት።»

«ወተት ነበረበት?»

«የለበትም።»

ነገሩ እዚያው ላይ ሊያልቅ ሲል ልጃቸው ከኋላ ሆና ቀስ ብላ «ቡና ቀላ ነው» አለች። ከወለጋ ውጭ ላላችሁ አንባቢዎች፣ ቡና ቀላ የሚጠጣ ቡና አይደለም። ቡናው ከነጀንፈሉ በቅቤ ተቆልቶ የሚበላ፣ ለእንግዳና ለደስታ ቀን የሚቀርብ የኦሮሞ ባህላዊ ምግብ ነው። ልጃቸው አባቷ ባዶ ሆዳቸውን ቢላዋ ስር እንዳይገቡ አዝና፣ በማለዳ ቆልታ በጭልፋ አቅርባላቸዋለች። ኦፕራሲዮኑ ለማግስቱ ተላለፈ። አዛውንቱ ተቆጡ። «ልጄ፣ ጥይት ያልገደለኝን ቡና ሊገድለኝ ነው?» አሉኝ።

ሊገድል ይችላል። ሰው ነቅቶ ሳለ ምግብ ወደ ሳንባው ሊገባ ሲል ያስላል፣ ይታነቃል፣ ይተፋል። ሙሉ ሰመመን ሲሰጠው ግን ይህ ጥበቃ አብሮት ይተኛል። በጨጓራው ውስጥ ያለው ነገር ወደ ላይ ተመልሶ፣ ከጨጓራ አሲድ ጋር ሆኖ ወደ ሳንባ ሲፈስ ማንም ላያየው ይችላል። አሲዱ ሳንባን ያቃጥላል፤ ቁርጥራጩ የአየር ቧንቧን ይዘጋል። ሜንደልሰን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1946 በወላጆች ላይ ያየውን ጽፎ ካሳወቀ ወዲህ፣ በዓለም ላይ ያለ የሰመመን ባለሙያ ሁሉ በሽተኛውን ከማስተኛቱ በፊት ስለ ሆዱ ይጠይቃል። ከወገብ በታች ብቻ የሚያደነዝዘው መርፌ ለሚሰጠውም ሰው ጥያቄው ያው ነው። መርፌው በቂ ሆኖ ካልተገኘ ወደ ሙሉ ሰመመን መሻገር ሊያስፈልግ ይችላልና።

እውነቱን ለመናገር በዚያ ቀን ጥፋቱ የአዛውንቱም የልጃቸውም አልነበረም። ጥያቄዬ ነበር የተሳሳተው። «ምግብ ቀምሰዋል?» ብዬ ስጠይቅ በእሳቸው ቋንቋ ምግብ ማለት እንጀራ ወይም ቂጣ ነው፤ ቡና ቡና ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ጥያቄዬን ለወጥኩ። «ከትናንት ማታ ጀምሮ በአፍዎ ምን ገባ?» እላለሁ። ሙስሊም ታካሚ ሲገጥመኝማ ሥራው ይቀልልኛል። «ጾም ይሁኑ» ሲባል ለአንዱ ጎረቤታችን ከሥጋና ከወተት መታቀብ ሊሆን ይችላል። ለሙስሊሙ ግን «ረመዳን እንደሚጾሙት አድርገው ይምጡ» ካልኩት ከጉሮሮ የሚወርድ ነገር ሁሉ እንደተከለከለ ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ ይገባዋል።

ይሁን እንጂ ሰዓቱ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያሻል። ለአዋቂ ሰው በአብዛኛው የሚሠራበት ደንብ፣ ቅቤና ጮማ ያለበት ምግብ ከኦፕራሲዮኑ ቢያንስ 8 ሰዓት በፊት፣ ቀለል ያለ ምግብና ወተት ደግሞ 6 ሰዓት በፊት ማቆም ነው። ንጹሕ ውኃ ወይም ወተት የሌለበት ሻይ እስከ 2 ሰዓት ድረስ ሊፈቀድ ይችላል። የእናት ጡት ለሚጠባ ሕፃን 4 ሰዓት ነው። ሐኪምዎ ከዚህ የተለየ ካዘዘዎት የእሱን ይያዙ።

በረመዳን ወር ቀጠሮ የተያዘለት ሰው ላይ ሒሳቡ ይበልጥ ያሳስታል። ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ሱሑር በልቶ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጠረጴዛው ላይ የሚወጣ ሰው «ጾመኛ ነኝ» ቢለን ውሸት አይደለም። ነገር ግን ከበላ የሆነው 4 ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ቀጠሮው ከሰዓት በኋላ የሆነበት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጣ ደርቆ ይደርሰናል፤ ሰመመን ሲሰጠው የደም ግፊቱ ይወርዳል። አላህ (ሱ.ወ.) ለበሽተኛ በሌላ ቀን እንዲከፍል ፈቅዶለታል። ይህን ፈቃድ መጠቀም ድክመት መስሎ የሚታያቸው አባቶች ብዙ ናቸው፤ በተለይ ወታደር የነበሩት።

የቀድሞ ወታደር ነገር ከተነሣ፣ ነቀምቴንና የወታደሮችን ሆስፒታል የሚያገናኝ አንድ አሳዛኝ ታሪክ አለ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን ለንደን ውስጥ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምራ ነበር። ከነፃነት በኋላ አቢይ አበበን አግብታ፣ ባሏ ወለጋን እንዲያስተዳድር ሲሾም አብራው ወደ ነቀምቴ ወረደች። ጥቂት ወራት እንኳ አልቆየችም፤ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር ሕይወቷ አለፈ። የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበረች። በስሟ በአዲስ አበባ ሆስፒታል እንዲሠራ ሲልቪያ ፓንክረስት በእንግሊዝ አገር ገንዘብ አሰባሰበች፤ ሆስፒታሉም እ.ኤ.አ. በ1951 ተከፈተ። ከአብዮቱ በኋላ ለሠራዊቱ ተሰጥቶ፣ ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው እሱ ነው። ነቀምቴ ላይ ለሞተች ነርስ የተሠራው ቤት የቆሰሉ ወታደሮች መታከሚያ ሆነ ማለት ነው።

ይሁንና ወታደር ሁሉ ወታደር ሆኖ አይቀርም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ከ450 ሺህ የማያንሱ የቀድሞው ሠራዊት አባላት ተበትነው ወደየቀያቸው ገብተዋል። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከነበረው የኢትዮ-ኤርትራ ጦርነት በኋላም ብዙዎች ተሰናብተዋል። የወለጋው ሰው ወደ ጊምቢ፣ ወደ ደምቢ ዶሎ፣ ወደ ሻምቡ፣ ወደ ቤጊ ገበሬ ማኅበሩ ተመለሰ። ከነቀምቴ አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከቤጊ ደግሞ ስንት ሊሆን እንደሚችል አስቡት። ስለዚህ የድሮው ቁስል ሲያመረቅዝ፣ የቀረው ስንጥር ብረት ሲቆረቁር የሚመጣው አጠገቡ ወዳለው የመንግሥት ሆስፒታል ነው። እዚያ ደግሞ የሰመመን ባለሙያው አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው፤ እሱም ሌሊት የምትደማ እናት ስትመጣ የሚጠራው ያው ሰው ነው። በአገራችን ይህን ሥራ በብዛት የሚሠሩት ስፔሻሊስት ሐኪሞች ሳይሆኑ በዲግሪ የሠለጠኑ የሰመመን ባለሙያዎች ናቸው። የዓለም የሰመመን ባለሙያዎች ማኅበራት ፌዴሬሽን ለ100 ሺህ ሕዝብ ቢያንስ 5 ስፔሻሊስት ያስፈልጋል ይላል። እኛ ከዚያ እጅግ ርቀን ነው ያለነው።

የቀድሞ ወታደርን ማስተኛት እንደ ማንኛውም ታካሚ ነው ብሎ የሚያስብ ባለሙያ ካለ አንድ ቀን ይደነግጣል። በአሜሪካ የጦር ሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ጦርነት አእምሯቸውን የጎዳባቸው ሰዎች ከሰመመን ሲነቁ ከሌላው ይልቅ በብዛት ይደናገራሉ፣ ይጮኻሉ፣ ይታገላሉ። ኬታሚን የተባለው ማደንዘዣ ለእኛ ትልቅ ባለውለታ ነው። ትንፋሽን አያጠፋም፣ የደም ግፊትን አይጥልም፣ የጋዝ ማሽን በሌለበትም ይሠራል፤ በቬትናም ጦርነት ጊዜ ለቁስለኞች የተመረጠውም ለዚህ ነው። ነገር ግን ቅዠት ያመጣል። ሌሊት ሌሊት ጦር ሜዳ ለሚያድር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እንዲህ ያለ ታካሚ መሆኑን አስቀድመን ካወቅን የምንሰጠውን መድኃኒት እንመርጣለን፣ ቅዠቱን የሚያረግብ እንጨምራለን፣ ሲነቃ የሚያውቀው ሰው ድምፅ አጠገቡ እንዲሆን እናደርጋለን። ችግሩ አይነግሩንም። «እንቅልፍ እንዴት ነው?» ስንላቸው «ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። ሚስቶቻቸውን ስንጠይቅ ነው እውነቱ የሚወጣው።

ሌላው የሚደበቀው ጫት ነው። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍ ይነሣል፣ ከምንሰጣቸው መድኃኒቶች ጋርም ሊጋጭ ይችላል። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ባሉት ቀናት መተው ነው። አልተውም ካሉ ደግሞ ይንገሩን፤ የሰመመን ባለሙያ ፖሊስ አይደለም። የግፊትና የስኳር መድኃኒት፣ የሚጠጡት የባህል መድኃኒት፣ የሚያጨሱት ሲጋራ ሁሉ ይነገራል። እኅቶች፣ በጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ በብርሃን ነው የሚያነበው። ጥቁር ሂናና የጥፍር ቀለም ንባቡን ሊያዛቡት ስለሚችሉ ቢያንስ አንድ ጣት ነፃ ይተዉልን።

ወደ አዛውንቱ እንመለስ። በማግስቱ ባዶ ሆዳቸውን መጡ። ሌላ ጥያቄ ግን ይዘው ነበር። ዑርዋ ኢብኑ ዙበይር እግራቸው ሲቆረጥ አእምሮ የሚያደነዝዝ ነገር አልጠጣም ብለው፣ በሶላት ላይ ሳሉ እንደተቆረጡ የሚነገረውን ታሪክ በልጅነታቸው ቁርኣን ቤት ሰምተዋል። «እኔ እንዴት አደነዝዛለሁ?» አሉ። ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። የዑርዋ ትዕግሥት የሚደነቅ ነው፤ በሌላው ላይ ግን ግዴታ አልሆነም። ዑለማዎች ለሕክምና የሚሰጥ ማደንዘዣ የተፈቀደ መሆኑን ገልጸዋል፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) እንድንታከም አዝዘውናል። ሙሉ ሰመመን ኅሊናን ስለሚያስት ዉዱእ ያፈርሳል። ከወገብ በታች የሚያደነዝዘው መርፌ ግን ኅሊናን አይነካም፤ ሰውየው እየተሠራለት ዚክር ማድረግ ይችላል። ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ፈካ፤ መርፌውን መረጡ።

መርፌው በታችኛው ወገብ በአከርካሪው አጥንቶች መካከል ገብቶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሥራውን ጀመረ። ትንሽ ቆይተው ግንባራቸው ላብ አቸፈቸፈ። «ልጄ፣ የቀኝ እግሬን ጣቶች እየጨመቁኝ ነው» አሉ። የቀኝ እግር ጣቶች የላቸውም። እግሩ ቢቆረጥም የአንጎል ካርታ ላይ ቦታው አይጠፋም፤ እግር ወይም እጅ ያጡ አብዛኞቹ ሰዎች የሌለው አካላቸው ይሰማቸዋል፣ ብዙዎችም ያማቸዋል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ይኸው የወገብ መርፌ የተኛውን ሕመም ይቀሰቅሰዋል። ይህን አስቀድሜ ነግሬያቸው ስለነበር አልፈሩም፤ በደም ሥር ጥቂት መድኃኒት ሰጠኋቸው፣ ረገበ። ከዚያ በኋላ ቢላዋው ሥራውን ሲሠራ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር።

ከኦፕራሲዮን በኋላ ምግብ የሚጀመረው በሐኪም ፈቃድ፣ ውኃ ፉት ከማለት ነው። ማቅለሽለሹ ሲተው ሾርባና አጥሚት፣ ቀጥሎም ቁስል የሚጠግን ምግብ ይከተላል፤ እንቁላል፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ወተት፣ ከተገኘ ሥጋ። የወለጋ ሰው አጥንቱ ለተሰበረ ሰው አንጮቴ ያበላል። ፈረንጅ ሐኪም ሳይመጣ የነበረ ልማድ ነው፤ በካልሲየም ከሌሎች ሥራ ሥሮች የተሻለ መሆኑን የምግብ ተመራማሪዎችም ለክተው አግኝተውታል። አንጮቴ ብቻውን አጥንት አይገጥምም፤ ከሐኪሙ ጋር ሆኖ ግን ጥሩ ረዳት ነው። ብዙ ቀን የሚተኛ ሰው ሆዱ ስለሚደርቅ ጎመንና ውኃ አይለየው።

አዛውንቱ በሁለተኛው ቀን ልጎበኛቸው ስሄድ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ልጃቸው ድስት ሸፍና አጠገባቸው ቆማለች። «ዶክተር፣ አሁንስ?» አሉኝ። ፈቀድኩላቸው። በማንኪያ አንሥተው መጀመሪያ ለእኔ አቀበሉኝ።