የተግባር ኬሚስትሪ በአነስተኛ ወጪ፦ ለንፋስ መውጫና አካባቢው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የቀረበ ማብራሪያ

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ኬሚስትሪ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል «ጠቅላላ ሳይንስ» በሚለው ትምህርት ውስጥ ተካትቶ ይሰጣል፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ይሆናል። ተማሪዎች በመጽሐፍ ያነበቡትን በእጃቸው ሠርተው እንዲያረጋግጡ ሥርዓተ ትምህርቱ ይጠብቃል። ሆኖም በርካታ ትምህርት ቤቶች የቤተ ሙከራ ክፍል የላቸውም፤ ክፍሉ ያላቸውም ቢሆኑ ዕቃና ኬሚካል አልተሟላላቸውም። ይህ ማብራሪያ በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ለሚገኙ መምህራን፣ ወላጆችና ተማሪዎች የተዘጋጀ ሲሆን፣ ከገበያና ከማድ ቤት በሚገኙ ዕቃዎች ሊሠሩ የሚችሉ አራት ሙከራዎችን፣ ሊወሰዱ የሚገባቸውን ጥንቃቄዎችና ኅብረተሰቡ ሊያደርግ የሚችለውን ድጋፍ ይዘረዝራል።

የተግባር ትምህርት ለምን ያስፈልጋል?

የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና በ2014 ዓ.ም. ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ይህ አኃዝ 5.4 በመቶ ደርሷል። የውጤቱ ምክንያት ብዙ ነው፤ የተግባር ትምህርት መጓደል ብቻውን አያብራራውም። ይሁን እንጂ ፈተናው የምርጫ ጥያቄዎችን የያዘና የቤተ ሙከራ ክፍል የሌለው በመሆኑ፣ ጊዜ ሲያጥር በቅድሚያ የሚተወው የተግባር ትምህርት ነው። ሙከራ ሠርቶ የማያውቅ ተማሪ ደግሞ የኬሚካል እኩልታን እንደ ጸሎት ይሸመድደዋል እንጂ ምን እንደሚነግረው አይረዳም።

የአካባቢው ሁኔታም ጉዳዩን አሳሳቢ ያደርገዋል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ንፋስ መውጫ ድረስ ዘልቆ እንደነበር፣ ከዚያም በኋላ በአማራ ክልል በተፈጠረው የጸጥታ ችግር በርካታ ትምህርት ቤቶች ከመማር ማስተማር ሥራ ተስተጓጉለው እንደቆዩ ይታወቃል። ከትምህርት ገበታቸው ርቀው የቆዩ ተማሪዎች የሚፈተኑት ግን ከሌላው አካባቢ ተማሪ ጋር አንድ ዓይነት ፈተና ነው። ስለዚህ የተሟላ ቤተ ሙከራ እስኪገነባ ድረስ በእጅ ባለው ነገር መጀመር ተገቢ ይሆናል።

ሙከራ 1፦ በንፋስ መውጫ ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?

መጽሐፉ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል ይላል። ይህ የሚሠራው ግን በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ነው። ንፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ 3,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ በመሆኗ፣ በዚያ ያለው የከባቢ አየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ግፊት 70 በመቶ ገደማውን ብቻ ያህላል። ውሃ የሚፈላው የተን ግፊቱ ከከባቢው አየር ግፊት ጋር እኩል ሲሆን ስለሆነ፣ ግፊቱ አነስተኛ በሆነበት ቦታ ቀድሞ ይፈላል። በግምት በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት ውሃ በንፋስ መውጫ በ90 ዲግሪ፣ በደብረ ታቦር በ91 ዲግሪ፣ በባሕር ዳር በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል።

ለሙከራው ከ0 እስከ 110 ዲግሪ የሚለካ ቴርሞሜትር፣ ድስትና እሳት ይበቃሉ። የሕመምተኛ ሙቀት መለኪያ ለዚህ ፈጽሞ አያገለግልም፤ በፈላ ውሃ ውስጥ ሊሰበር ይችላል። ተማሪዎች ከመጀመራቸው በፊት የሚጠብቁትን ቁጥር ይጽፋሉ። ብዙዎቹ 100 ብለው ይጽፋሉ፤ ቴርሞሜትሩ 90 ላይ ሲቆም ደግሞ መሣሪያው ተበላሽቷል ማለታቸው የተለመደ ነው። መምህሩ በዚህ ጊዜ ቴርሞሜትሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ፣ በክረምት የወረደ በረዶ ወይም ከማቀዝቀዣ የተገኘ በረዶ እየቀለጠ ባለበት ዕቃ ውስጥ እንዲያስገቡት ያደርጋል። በረዶ የሚቀልጥበት ሙቀት በከፍታ ምክንያት እምብዛም አይለወጥም፤ ስለዚህ ጤናማ ቴርሞሜትር 0 ያሳያል። መሣሪያው ደኅና መሆኑ ከተረጋገጠ የውሃው መፍላት ሌላ ምክንያት አለው ማለት ነው። በ9ኛ ክፍል ስለ ልኬትና ስለ ሳይንሳዊ ዘዴ የሚሰጠው ትምህርት በዚህ መንገድ በተግባር ይታያል።

ይህ ዕውቀት ማድ ቤት ድረስ ይዘልቃል። በደጋ ባቄላና አተር ለመብሰል ረጅም ጊዜ የሚወስዱት ውሃው ስላልፈላ ሳይሆን የሚፈላበት ሙቀት ዝቅ ያለ ስለሆነ ነው። እሳት መጨመር ውሃውን ቶሎ ያተነዋል እንጂ ሙቀቱን አይጨምርም። ክዳኑ በሚገባ የሚገጥም ድስት ጊዜ የሚቆጥበውም እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን ከፍ ስለሚያደርግ ነው። በታች ጋይንትና በስማዳ ዝቅተኛ ቀበሌዎች ያሉ ትምህርት ቤቶች የለኩትን ከንፋስ መውጫው ጋር ቢለዋወጡ፣ ተማሪዎች ከፍታንና ሙቀትን የሚያሳይ ግራፍ በራሳቸው መረጃ መሥራት ይችላሉ።

ሙከራ 2፦ አሲድና ቤዝን በሽንኩርት ልጣጭና በእርድ መለየት

የቀይ ሽንኩርት የውጭ ልጣጭ በጥቂት ውሃ ለ10 ደቂቃ ያህል ሲቀቀል ቀይማ ውሃ ይወጣዋል። ይህ ውሃ ሲቀዘቅዝ ለተለያዩ ብርጭቆዎች ይከፋፈላል። በአንዱ የሎሚ ጭማቂ ሲጨመር ወደ ሮዝ ወይም ደመቅ ያለ ቀይ ይለወጣል፤ በሌላው የሳሙና ወይም የአመድ ውሃ ሲጨመር ወደ ቢጫማ አረንጓዴ ያዘነብላል። እርድ ደግሞ ቤዝን ብቻ ያመለክታል። ጥቂት የእርድ ዱቄት ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል ተበጥብጦ ነጭ ወረቀት ይነከርበትና ይደርቃል። ይህ ቢጫ ወረቀት የአመድ ውሃ ሲነካው ቀይ ቡናማ ይሆናል፤ የሎሚ ጭማቂ ሲጠብበት ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል። ተማሪዎች በዓይናቸው የሚያዩት ይህ መመለስ አሲድና ቤዝ እርስ በርስ የሚሻሩበት ኬሚካዊ ለውጥ ነው።

ትምህርቱ ከእርሻ ጋርም ይያያዛል። በበርካታ የክልሉ ደጋማ አካባቢዎች የአፈር አሲዳማነት ምርት ይቀንሳል፤ ገበሬዎች ማሳቸው ላይ ኖራ እንዲበትኑ የሚመከሩትም ለዚህ ነው። ኖራ ቤዝ በመሆኑ የአፈሩን አሲድነት ይቀንሳል። የሽንኩርት ውሃ የአፈርን አሲዳማነት በትክክል ለመለካት እንደማይበቃ ግን ለተማሪዎች ሊነገራቸው ይገባል፤ ለዚያ የአፈር ላቦራቶሪ ያስፈልጋል።

ሙከራ 3፦ የሚወጣው ጋዝ ምንድን ነው?

አንድ ማንኪያ የተቀዘቀዘ ኖራ በአንድ ሊትር ውሃ ተበጥብጦ ሲያድር፣ ከላይ የሚቀረው ጥርት ያለ ውሃ የኖራ ውሃ ይባላል። መምህሩ ይህን ጥርት ያለ ውሃ ብቻ በጥንቃቄ ቀድቶ ለተማሪዎች ያካፍላል። ተማሪው በስትሮ ቀስ ብሎ ሲተነፍስበት ውሃው ይነጣል፤ በትንፋሹ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከኖራው ጋር ተዋሕዶ በውሃ የማይሟሟ ካልሲየም ካርቦኔት ስለሚሠራ ነው። ለረጅም ጊዜ ሲተነፈስበት ግን ውሃው መልሶ ይጠራል፤ ምክንያቱን መፈለግ ለጎበዝ ተማሪዎች ጥሩ የቤት ሥራ ነው።

ከዚያ በኋላ ሎሚና ቤኪንግ ሶዳ ሲገናኙ የሚወጣውን ጋዝ፣ እንዲሁም ከሚብላላ የጠላ ድፍድፍ የሚወጣውን ጋዝ በቀጭን ቱቦ ወደ ኖራ ውሃ ማስገባት ይቻላል። ሁለቱም ውሃውን ያነጡታል። እናቶች ሁልጊዜ የሚያዩት የሊጥ መኩፈፍና የጠላ መፍላት በኬሚስትሪ መጽሐፍ ከተጻፈው ለውጥ ጋር አንድ መሆኑ በዚህ ይታያል።

ሙከራ 4፦ መጠነ ቁስ ይጠፋል ወይ?

ባለ አንድ ሊትር የለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ይጨመራል። 1 ግራም ቤኪንግ ሶዳ በትንሽ ስስ ወረቀት ተጠቅልሎ ወደ ውስጥ ከተጣለ በኋላ ክዳኑ ወዲያው ይጠብቃል። ጠርሙሱ ከመነቅነቁ በፊት ይመዘናል፤ ተነቅንቆ አረፋው ካበቃ በኋላም ይመዘናል። ክብደቱ አይለወጥም። ክዳኑ ቀስ ብሎ ሲከፈት ግን «ፍስ» የሚል ድምፅ ይሰማና ሚዛኑ ግማሽ ግራም ገደማ ቀንሶ ያሳያል። የጎደለው ያመለጠው ጋዝ ነው። ሚዛኑ የግራምን አንድ አሥረኛ የሚለይ መሆን አለበት፤ ትምህርት ቤቱ ከሌለው የወርቅ ሠሪዎችን ሚዛን ተውሶ መጠቀም ይቻላል። የሶዳው መጠን ከ1 ግራም መብለጥ የለበትም፤ ከበለጠ በጠርሙሱ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት አደጋ ሊያስከትል ይችላል።

ትምህርቱን እንዴት መምራት ይቻላል?

ተማሪዎች ከ5 ባልበለጡ ቡድኖች ተከፍለው ሦስት ደረጃዎችን ይከተላሉ፦ አስቀድመው ይተነብያሉ፣ ሠርተው የተመለከቱትን ይመዘግባሉ፣ ከዚያም ትንበያቸውና ውጤቱ ለምን እንደተስማሙ ወይም እንደተለያዩ ያብራራሉ። መምህሩ መልሱን አስቀድሞ ከተናገረ ሙከራው ትርዒት ብቻ ይሆናል። የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ በመሆኑ፣ ቡድኖቹ በአማርኛ ተወያይተው ሲያበቁ ውጤቱን በእንግሊዝኛ እንዲጽፉ ማድረግ ሁለቱንም ይጠቅማል።

መወሰድ ያለባቸው ጥንቃቄዎች

• ለሙከራ የዋለ ማንኛውም ነገር፣ ምግብም ቢሆን፣ አይቀመስም።
• በረኪና ከሎሚ፣ ከኮምጣጤም ሆነ ከሌላ አሲድ ጋር በምንም ሁኔታ አይቀላቀልም፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ መርዛማ ነው።
• የመኪና ባትሪ አሲድ ለተማሪዎች ሙከራ አይውልም።
• የኖራ ዱቄትን የሚነካው መምህሩ ብቻ ሲሆን የዓይን መከላከያ ያደርጋል። ያልተቀዘቀዘ ኖራ ውሃ ሲነካው በኃይል ስለሚሞቅ አይፈቀድም።
• በኖራ ውሃ ላይ ይተነፈሳል እንጂ በስትሮው አይሳብም። ኖራ ወይም የአመድ ውሃ ዓይን ከነካ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠባል፤ ተማሪውም ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዳል።
• አልኮል ባለበት ክፍል እሳት አይነድም።

ወላጆችና ኅብረተሰቡ ምን ማድረግ ይችላሉ?

ወላጆች የልጃቸውን ደብተር ሲያዩ ከማስታወሻ ጎን የሙከራ መዝገብ መኖሩን ይመልከቱ። ከሌለ የኬሚስትሪ መምህሩን ወይም ርዕሰ መምህሩን በአክብሮት መጠየቅ መብታቸው ነው። ጉዳዩ ከመምህሩ አቅም በላይ ከሆነ በወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት ስብሰባ በአጀንዳነት ሊቀርብ፣ ከዚያም ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ሊገለጽ ይችላል። በጽሑፍ የሚቀርበው ጥያቄ የሚፈለገውን ዕቃ በዝርዝርና በቁጥር ቢያስቀምጥ መልስ ለማግኘት ይቀላል።

«ትምህርት ለትውልድ» በሚል መሪ ቃል የተጀመረው ትምህርት ቤቶችን የማሻሻል ንቅናቄ ኅብረተሰቡ በገንዘብ፣ በቁሳቁስና በጉልበት እንዲሳተፍ የሚጋብዝ ነው። የአካባቢው ተወላጆች ለትምህርት ቤት ድጋፍ ሲያስቡ ከኮምፒዩተር ባልተናነሰ ቴርሞሜትር፣ አነስተኛ ሚዛን፣ መርፌ የሌለው ሲሪንጅና የመስታወት ዕቃ ጠቃሚ መሆናቸውን ልብ ሊሉ ይገባል። ከላይ ለተዘረዘሩት አራት ሙከራዎች የሚያስፈልጉት የሚገዙ መሣሪያዎች ቴርሞሜትርና ሚዛን ብቻ ናቸው፤ ሌላው አብዛኛው በገበያ ይገኛል።