ያውቁ ኖሯል? ከሬኮ ተራራ እስከ ካሪቢያን ባሕር

በካሪቢያን ባሕር ላይ የሸራ ጀልባን ቤታቸው አድርገው ዓመት ሁለት ዓመት፣ አንዳንዶቹም አሥርና ከዚያ በላይ ዓመታት የሚኖሩ ሰዎች አሉ። ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት፣ ልጆቻቸውን እዚያው ጀልባ ላይ የሚያስተምሩ ወላጆች፣ ብቻቸውን የሚጓዙም ጭምር። በጌዴኦ ያለ የሬኮና የዲላ ሰው ይህን ለምን ይስማ ለሚል መልስ አለኝ። ቡናን ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ያደረሰው የሸራ መርከብ ነው፤ የዚያ ቡና ዘር ደግሞ ከኢትዮጵያ ጫካ የወጣ ነው። እዚያ እስክንደርስ ግን ከነፋሱ እንጀምር።

በካሪቢያን ነፋሱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ እንደሚነፍስ ያውቁ ኖሯል? የንግድ ነፋስ ይባላል። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ በሰዓት ከ28 እስከ 37 ኪሎ ሜትር ይነፍሳል፤ በፈረንጆች ገና ሰሞን ይበልጥ ስለሚበረታ መርከበኞቹ «የገና ነፋስ» ይሉታል። ወደ ምዕራብ መሄድ እንግዲህ ቀላል ነው። ችግሩ መመለሱ ላይ ነው። የሸራ ጀልባ ነፋሱን ፊት ለፊት ገጥማ መሄድ ስለማትችል፣ ሰው የሬኮን አቀበት በጠመዝማዛ መንገድ እንደሚወጣው፣ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እያለች ነው ወደ ምሥራቅ የምትገፋው። አንድ ቀን የሚፈጀው መንገድ በዚህ ምክንያት ሁለት ቀን ሊወስድ ይችላል።

12 ሜትር ርዝመት ያላት ጀልባ በአማካይ በሰዓት ከ9 እስከ 11 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የምትጓዘው። ከዲላ አዲስ አበባ ያለውን 360 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በዚህ ፍጥነት ለመጨረስ አንድ ቀን ተኩል ያስፈልጋል፤ ያውም ሌሊቱን ሳይቆሙ። በባሕር ላይ ርቀት የሚለካው በባሕር ማይል ሲሆን አንዱ 1,852 ሜትር ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በየዓመቱ ኅዳር ላይ ብዙ የሸራ ጀልባዎች ከስፔኗ ግራን ካናሪያ ደሴት ተነሥተው አትላንቲክን በኅብረት ያቋርጣሉ። ዛሬ መድረሻቸው ሴንት ሉሲያ ናት። መንገዱ 2,700 የባሕር ማይል ያህል፣ ማለትም ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር ሲሆን አብዛኞቹ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይወስድባቸዋል።

ታዲያ ሌሊት የት ቆመው ያድራሉ? የትም አይቆሙም። የውቅያኖሱ ወለል በሺዎች የሚቆጠር ሜትር ስለሚጠልቅ መልሕቅ አይደርስበትም። ሁለት ሰዎች ከሆኑ በየሦስትና በየአራት ሰዓቱ እየተፈራረቁ አንዱ ሲተኛ ሌላው ይጠብቃል። ብቻውን የሚጓዝ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ከ20 ደቂቃ በላይ አይተኛም፤ እየነቃ ዙሪያውን ቃኝቶ ተመልሶ ይጋደማል። 20 ደቂቃ የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ የኮንቴነር መርከብ ከአድማስ ብቅ ካለ በኋላ ጀልባዋ ዘንድ ለመድረስ ከዚያ ብዙም የሚበልጥ ጊዜ አይፈጅበትም። በጨለማ የሚያይ ሰው ቀይ መብራት ካየ የጀልባዋ ግራ ጎን፣ አረንጓዴ ካየ ቀኝ ጎኗ እንደሆነ ያውቃል። ነጭ ብቻ ከታየው ከኋላዋ ነው ያለው። ሌሊት ተረኛው ራሱን በጠንካራ ማሰሪያ ከጀልባዋ ጋር ያያይዛል፤ ባልደረባው ተኝቶ ሳለ ባሕር ውስጥ ቢወድቅ የሚሰማው የለምና።

በዙሪያቸው እስከ አድማስ ውኃ እያለ ከሁሉ አብልጠው የሚቆጥቡት ውኃ መሆኑንስ ያውቁ ኖሯል? የአንዲት መካከለኛ ጀልባ ጋን ከ300 እስከ 600 ሊትር ይይዛል። በረጅም ጉዞ ላይ ሳህን በባሕር ውኃ ይታጠብና በጥቂት ንጹሕ ውኃ ይለቀለቃል። ገላም እንዲሁ፦ ባሕር ውስጥ ዘልቆ መታጠብ፣ ከዚያ ጨዉን በአንድ ሁለት ሊትር ማስለቀቅ። ተራ ሳሙና በጨው ውኃ አረፋ አያወጣም፤ ስለዚህ ብዙዎቹ የሚመርጡት ፈሳሽ ሳሙና ነው። ዝናብ ሲመጣ የጥላውን ሸራ አጎድጉደው ወደ ጀሪካን ይቀዳሉ። ከምንጭ ውኃ ተሸክሞ ያደገ ሰው እያንዳንዱ ሊትር ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃልና ይህን ሥርዓት ለመልመድ የሚቸገር አይመስለኝም። ዛሬ ዛሬ የባሕርን ውኃ የሚያጣራ መሣሪያ ያላቸው ብዙ ናቸው። መሣሪያው ጨዋማውን ውኃ ከተራ አየር ግፊት 55 ጊዜ ያህል በሚበልጥ ኃይል በስስ ማጣሪያ ውስጥ ይገፋዋል፤ ጨዉ ይቀራል፣ ንጹሑ ያልፋል። ኃይሉን የሚያገኘው ከሶላርና ከባትሪ ነው። መሣሪያው የተበላሸ ቀን ግን ወደ ጀሪካኑ መመለስ ነው።

አሁን ወደ ቡናው። እ.ኤ.አ. በ1720ዎቹ መጀመሪያ፣ አብዛኞቹ ጸሐፊዎች 1723 ይላሉ፣ ጋብሪኤል ደ ክሊዮ የተባለ የፈረንሳይ ባሕር ኃይል መኮንን ከፓሪስ የንጉሡ አትክልት ቦታ ያገኘውን የቡና ችግኝ ይዞ በሸራ መርከብ ወደ ማርቲኒክ ደሴት ተነሣ። ችግኙን ፀሐይ እያገኘ ከጨው ርጭት እንዲጠበቅ በመስታወት ሣጥን ውስጥ አስቀመጠው። ከብዙ ዓመታት በኋላ ራሱ በጻፈው ደብዳቤ እንደተረከው የባሕር ወንበዴዎች አሳደዷቸው፣ ማዕበል መታቸው፤ አንድ ተሳፋሪም በቅናት ተነሣሥቶ ከችግኙ ቅርንጫፍ ገነጠለበት። የከፋው ግን የነፋሱ መጥፋት ነበር። መርከቢቱ ባለችበት ቆመች፣ የመጠጥ ውኃ በስፍር መታደል ጀመረ። ደ ክሊዮም የደረሰችውን ጥቂት ውኃ ከችግኙ ጋር እየተካፈለ ደረሰ። ማርቲኒክ ላይ በግቢው ተክሎ ዙሪያውን በእሾህ አጠረው።

የዚህ ችግኝ ትውልድ ሲቆጠር ወደ እኛ ያመጣል። የፓሪሱን ዛፍ እ.ኤ.አ. በ1714 ለሉዊ 14ኛ ያበረከተው የአምስተርዳም ከንቲባ ነበር። የአምስተርዳሙ ከጃቫ፣ የጃቫው በሕንድ በኩል ከየመን፣ የየመኑ ከኢትዮጵያ ነው። ደ ክሊዮ ብቻውን ቡናን ለአዲሱ ዓለም አበረከተ የሚለው የተለመደ አባባል ግን ትክክል አይደለም። ፈረንሳዮች በሴንት ዶሚንግ፣ ሆላንዶችም በሱሪናም ከእሱ ቀድመው ቡና ተክለው ነበር።

ይህን ታሪክ ውኃ በመካፈሉ ብቻ ማቆም አልወድም። ቡናውን የተከሉት፣ የለቀሙትና የፈለፈሉት በሸራ መርከብ ሆድ ታስረው ከአፍሪካ የተወሰዱ ባሪያዎች ነበሩ። ዛሬ ሄይቲ የምትባለው ሴንት ዶሚንግ እ.ኤ.አ. በ1780ዎቹ መጨረሻ የዓለምን ቡና ግማሽ ያህል ታቀርብ ነበር። ባሪያዎቹ በ1791 ተነሡ፣ በ1804 አገራቸውን ነጻ አወጡ። ከአፍሪካ ምድር የወጣ ተክል ከአፍሪካ ምድር በተነጠቁ ሰዎች ላብ ሲበቅል መኖሩን የቡና አገር ሰው ማወቅ ይገባዋል እላለሁ።

በጀልባ ላይ ቡናን እንደ አገራችን በከሰል ማፍላት አይቻልም። እሳት ከማዕበል እኩል ይፈራል፤ በተዘጋ ጠባብ ክፍል ውስጥ ደግሞ የከሰል ጭስ ይገድላል። የሚፈላው በቡታጋዝ ነው። ምድጃው በሁለት ጎኑ ተንጠልጥሎ ስለሚወዛወዝ ጀልባዋ ስታዘነብል ጀበናው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሲሊንደሩ ለብቻው በተሠራ፣ ከታች ወደ ውጭ ቀዳዳ ባለው ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ምክንያቱም ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ካመለጠ ወደ ላይ ወጥቶ አይጠፋም፣ የጀልባዋ ወለል ሥር ተኝቶ ብልጭታ ይጠብቃል። ለሌሊቱ ተረኛ ቡናው ገና ሳይመሽ ተፈልቶ በፔርሙዝ ይቀመጥለታል።

እንቁላልስ ያለ ፍሪጅ ሳምንታት እንደሚቆይ ያውቁ ኖሯል? ከዶሮዋ እንደመጣ ያልታጠበ መሆን አለበት። ከታጠበ የተፈጥሮ መከላከያው ስለሚለቅ ቶሎ ይበላሻል። መርከበኞቹ በየጥቂት ቀኑ ያገላብጡታል። ሙዝ፣ ሽንኩርትና ሎሚ በመረብ ተንጠልጥለው ይጓዛሉ። ዓሣ እየሄዱ በገመድ ያጠምዳሉ፤ ቱና ከተገኘ የዚያ ቀን ድግስ ነው። ከኮራል ድንጋዮች አጠገብ የሚኖሩ እንደ ባራኩዳ ያሉ ትልልቅ ዓሦችን ግን የሚያውቅ ሰው አይበላም። ሲጓቴራ የሚባል መርዝ ሊኖርባቸው ይችላል፤ መርዙም ቢቀቅሉት፣ ቢጠብሱት፣ በረዶ ቤት ቢያኖሩት አይጠፋም።

ደሴት ደርሰው ሲቆሙ ደግሞ መልሕቅ የሚይዘው በክብደቱ ብቻ አይደለም። የሚለቀቀው ሰንሰለት የውኃውን ጥልቀት ከአምስት እስከ ሰባት ጊዜ ያህል መርዘም አለበት፤ ያን ጊዜ ጉተታው አግድም ስለሚሆን መልሕቁ አሸዋው ውስጥ ይቀበራል። ሌሊት ነፋስ ሲዞር ጀልባዋም ትዞራለች። መልሕቁ ከተነቀለ ማንቂያ ደወል እንዲጮህ በጂፒኤስ ያዘጋጃሉ፤ ብዙ ሰው ግን እሱን ብቻ ሳያምን ተነሥቶ የባሕሩን ዳር መብራት ያያል።

ከሴንት ሉሲያ ማርቲኒክ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። በዚያ ግማሽ ቀን ውስጥ ቋንቋው ከእንግሊዝኛ ወደ ፈረንሳይኛ፣ ገንዘቡ ከምሥራቅ ካሪቢያን ዶላር ወደ ዩሮ ይለወጣል። አዲስ አገር የደረሰች ጀልባ ቢጫ ባንዲራ ትሰቅላለች። የኢሚግሬሽንና የጉምሩክ ፈቃድ እስኪያልቅ ካፒቴኑ ብቻ ወርዶ ሌሎቹ ይጠብቃሉ። ካለቀ በኋላ ቢጫው ወርዶ የባለ አገሩ ባንዲራ ይሰቀላል።

በደሴቶቹ የዓሣ አጥማጆች ጀልባዎች ላይ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ቀለም ማየት የተለመደ ነው፤ ራስተፈሪያን ለኢትዮጵያ ካላቸው ፍቅር የመጣ። ከዲላ ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ሐዋሳን አልፈው የሚያገኟት ሻሸመኔ ደግሞ የካሪቢያን ሰዎች የሰፈሩባት ከተማ ናት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948 በጣሊያን ወረራ ዘመን ኢትዮጵያን ለደገፉ በውጭ ለሚኖሩ ጥቁሮች አምስት ጋሻ መሬት ሰጥተው ነበር፤ ከጃማይካና ከሌሎችም ደሴቶች የመጡ ቤተሰቦች እስከ ዛሬ አሉ።

የአውሎ ነፋሱ ወቅት የሚቆየው ከግንቦት ማብቂያ እስከ ኅዳር ሲሆን ጫፍ የሚደርሰው በጳጉሜን፣ ልክ እኛ ዘመን ልንለውጥ ስንል ነው። ስለዚህ ብዙ ጀልባዎች ክረምቱን ወደ ደቡብ፣ ወደ ግሬናዳና ትሪኒዳድ ይወርዳሉ። ያም ሁልጊዜ አያድንም። ሰኔ 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ቤሪል የተባለው አውሎ ነፋስ የግሬናዳ ግዛት በሆነችው ካሪያኩ ላይ አረፈ። ጀልባዎቻቸውን በማንግሮቭ ዛፎች መካከል አስጠግተው በገመድ ያሰሩት ሳይቀሩ ተጎዱ። በደሴቲቱ የቆመ ቤት ጥቂት ነበር።

ይህች ካሪያኩ የእንጨት ጀልባ ሠሪዎች አገር ናት። ጀልባን በእጅ የመሥራት ጥበባቸው በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ላይ በዩኔስኮ ተመዝግቧል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር የተመዘገበው በዚያው ዓመት መስከረም ነበር።

ለጌዴኦ ቅርብ የሆነው ሰፊ ውኃ ዓባያ ነው፤ ከጣና ቀጥሎ የአገሪቱ ሁለተኛ ትልቅ ሐይቅ። ጊዳቦና ገላና ወንዞች ይገቡበታል፤ ደለሉም ውኃውን ያቀላዋል። አዞ ባለበት በዚያ ውኃ ዓሣ አጥማጆቹ ከቀላል እንጨት በተሠራ ጠፍጣፋ ታንኳ ላይ ይሠራሉ። ኢትዮጵያ ወደብ ባይኖራትም መርከበኛ ግን ታሠለጥናለች፤ ባሕር ዳርና ቢሾፍቱ ላይ የተማሩ ወጣቶች በዓለም መርከቦች ላይ ይሠራሉ።

ቡና በሸራ መጓዙ ጨርሶ አልቀረም። ትሬስ ኦምብሬስ የምትባል 32 ሜትር ርዝመት ያላት የሆላንድ መርከብ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ሞተር ሳይኖራት ከካሪቢያን ሩም የተባለውን መጠጥ፣ ካካዎና ቡና ወደ አውሮፓ ታመላልሳለች። የምትጭነው 35 ቶን ነው፤ በ60 ኪሎ ጆንያ ቢሰላ 580 ገደማ። ከጅቡቲ የሚነሣ አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር 320 ጆንያ ያህል ስለሚይዝ፣ መርከቢቱ ሙሉ ሸራዋን ዘርግታ አትላንቲክን የምታሻግረው ቡና ሁለት ኮንቴነር አይሞላም።