ቦይለሩ በውርጭ ሌሊት ሲጠፋ

በብሪታንያ ክረምት የጋዝ ቦይለር ድንገት ሲጠፋ፣ ባለሙያ ከመጥራት በፊት ደጅ ወጥቶ ማየት ይበጃል። ዘመናዊ ቦይለር ከጭሱ የሚጠራቀመውን ውኃ በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ያስወግዳል። ቱቦው በውርጭ ከተዘጋ ውኃው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ መሣሪያው እየተንቆረቆረ ራሱን ያጠፋል። የፈላ ሳይሆን ሞቅ ያለ ውኃ በቱቦው ላይ አፍስሶ ዳግም ማስነሳት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

የግፊት መለኪያው ከ1 ባር በታች ከወረደ ውኃ ጎድሏል፤ በየሳምንቱ መሙላት ካስፈለገ ግን የሚያፈስ ቦታ አለ።

ሽፋኑን መፍታት በጋዝ ሴፍ ሬጅስተር የተመዘገበ ባለሙያ ድርሻ ነው። ከቤት ሲወጡ የሚተው ራስ ምታት ካርቦን ሞኖክሳይድን ያስጠረጥራል፤ ጋዙ ሽታ የለውም። ቦይለሩን አጥፍቶ፣ መስኮት ከፍቶ፣ ከቤት ወጥቶ በ0800 111 999 መደወል ያስፈልጋል።