«ጎረቤቴ ነው ወይስ አይደለም?» የአይፒ አድራሻና የሰብኔት ነገር

ስልካችሁ ላይ የተገናኛችሁበትን ዋይፋይ ዝርዝር ክፈቱት። 192.168.1.70ን የመሰለ ቁጥር ታገኛላችሁ፤ አይፒ አድራሻችሁ ነው። ብዙ ጊዜ ከሥሩ 255.255.255.0 የሚል ሌላ ቁጥር ይኖራል። ይህኛው ሰብኔት ማስክ ይባላል። ብዙ ሰው አይቶት ያልፋል፤ ኔትወርክ የሚገባን ግን እሱ የገባን ዕለት ነው!

ለኮምፒውተር አድራሻው የ32 ዜሮና አንድ ሰልፍ ነው። ለእኛ እንዲመች ስምንት ስምንቱን ቢት በነጥብ ለይተን እንጽፈዋለን። ስምንት ቢት ከ0 እስከ 255 ብቻ ስለሚቆጥር፣ 192.168.1.300 የሚባል አድራሻ የለም።

ከ32ቱ ቢቶች የፊተኞቹ ኔትወርኩን፣ የኋለኞቹ በውስጡ ያለውን መሣሪያ ይጠቁማሉ። ድንበሩ የት እንደሆነ የሚነግረን ማስኩ ነው። 255.255.255.0 ሲል «የፊተኞቹ 24 ቢቶች የኔትወርኩ ናቸው» ማለቱ ነው፤ ባጭሩ /24 ይጻፋል። ለመሣሪያ 8 ቢት ይቀራል፤ ይህም 256 አድራሻ ነው። የመጀመሪያው የኔትወርኩ መጠሪያ፣ የመጨረሻው ለሁሉም በአንዴ መልእክት መላኪያ ስለሆነ ለመሣሪያ የሚታደሉት 254 ናቸው።

አሁን የአንድን ቢሮ ኔትወርክ እንከፋፍል። የእንግዶች ዋይፋይ ከሒሳብ ክፍሉ ጋር እንዲቀላቀል አንፈልግም። ከመሣሪያዎቹ ድርሻ ሁለት ቢት ወስደን ለኔትወርኩ እንጨምርለት፤ ማስኩ /26፣ ማለትም 255.255.255.192 ይሆናል። በሁለት ቢት 00፣ 01፣ 10 እና 11ን መጻፍ ስለሚቻል አራት ሰብኔቶች ይወጣሉ፦ ከ0 እስከ 63፣ ከ64 እስከ 127፣ ከ128 እስከ 191፣ ከ192 እስከ 255። እያንዳንዳቸው 62 መሣሪያ ይይዛሉ።

እንግዲህ 192.168.1.70 ለ192.168.1.130 ፋይል ሊልክ ነው። 70 በቢት 01000110 ነው፤ 130 ደግሞ 10000010። ማስኩ «ሁለቱን የፊት ቢቶች ተመልከት» ይለዋል፦ አንዱ 01፣ ሌላው 10። ጎረቤቱ አይደለም! ስለዚህ ፋይሉን ሰብኔቶቹን ለሚያገናኘው ራውተር ያስረክባል። ተቀባዩ 100 ቢሆን ኖሮ 01100100 ስለሆነ በ01 ይገናኛሉ፤ ራውተሩ ጣልቃ ሳይገባ በቀጥታ ይልክለት ነበር። ሰብኔቶቹ የቢሮውን መሣሪያዎች በሚያገናኘው ስዊች ላይም ከተለያዩ፣ ከእንግዶች ወደ ሒሳብ ክፍል የሚያልፈውን ራውተሩ ላይ ሆነን መፍቀድም መከልከልም እንችላለን።

ድንበሩን እንደፈለጉ ማንቀሳቀስ በዓለም ደረጃም ትልቅ ነገር ነው። 32 ቢት ከ4.3 ቢሊዮን ያነሰ አድራሻ ብቻ ይሰጣል። ቀድሞ አድራሻ ለድርጅቶች የሚታደለው በሦስት ቁርጥ መጠን ነበር፦ 254፣ 65,534 ወይም ከ16 ሚሊዮን በላይ። ሁለት ሺህ የሚበቃው ድርጅት 65 ሺሁን ወስዶ አብዛኛውን ያባክን ነበር። በ1993 እ.ኤ.አ. ይህ ቀርቶ ድንበሩ በፈለጉት ቢት ላይ እንዲውል ተደረገ፤ የ«/» አጻጻፍ የተስፋፋውም ከዚያ ወዲህ ነው።

ይህን ካወቃችሁ አንድ የታወቀ ብልሽት በቀላሉ ይፈታላችኋል፦ ኢንተርኔቱ ይሠራል፣ ሌላ ክፍል ያለው ፕሪንተር ግን አይገኝም። 192.168.1.70 በ/26 ፋንታ በስህተት /24 ተሞልቶለት ከሆነ፣ አድራሻው 130 የሆነውን ፕሪንተር ጎረቤቱ አድርጎ ያስበዋል። ለራውተሩ መስጠት ሲገባው በራሱ ሰብኔት ውስጥ ይጣራል፤ ፕሪንተሩ እዚያ ስለሌለ መልስ አያገኝም። ገመዱን ከመነቃቀላችሁ በፊት ማስኩን እዩት።