የአራዳ ቃላት ከየት መጡ?

በሰቆጣ ገበያ አማርኛና ኽምጣንጋ ጎን ለጎን ይነገራሉ። እኛ ተማሪዎች ደግሞ ሦስተኛ ጨምረናል፤ ይኸውም ወላጆቻችን «የዱርዬ ቋንቋ» እያሉ የሚቆጡበት የአራዳ አነጋገር ነው። ለመሆኑ እነዚህ ቃላት ዘር የላቸውምን?

አራዳ አስቀድሞ የሰፈር ስም ነው። በአዲስ አበባ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው ትልቅ ገበያ በዚህ ስም ይጠራ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ገበያው ወደ መርካቶ ተዛወረ፤ ስሙ ግን ገበያ ላይ ውሎ ብልጠት ለተማረ ሰው መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

«አሪፍ» ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ በዚያ ቋንቋ «ዐዋቂ» ማለት ነው። እንግዲህ አሪፍ የተባለ ልጅ ሁሉ ሳይታወቀው ሊቅ ተብሏል!

የአራዳ ተቃራኒ «ፋራ» ነው፤ ይህን ቃል አልወደውም። ከገጠር መጥቶ አማርኛው ኽምጣንጋ ኽምጣንጋ የሚል ጓደኛችን በዚህ ቃል ሲሰደብ ሰምቻለሁና። ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ልጅ እንዴት ፋራ ይባላል? በዐረብኛው ትርጉም ከሄድን አሪፉ እርሱ ነው።

«ሙድ» እንግሊዝኛ ነው፤ የስሜት ሁኔታ ማለት ነው። እኛ ግን «ሙድ ያዘበት» ስንል «አላገጠበት» ማለታችን ነው፤ እንግሊዞች ቢሰሙ ይገርማቸዋል። «ነቄ» ደግሞ ባዕድ አይደለም፤ «ነቃ» ከሚለው ከገዛ ግሣችን የተወለደ ነው። ቢሆንም አያቴን «ነቄ ነዎት?» ለማለት አልደፍርም።