ከባንኮኒው ወዲህና ወዲያ የቆሙ ጭቁኖች

ጭቁኖች እርስ በርሳቸው ሲጋጩ፣ ማን ማንን መታ ከሚለው ጥያቄ ጎን፣ ሁለቱን በዚያ ጠባብ ስፍራ ያፋጠጣቸው ማን ነው የሚለውም ሊነሣ ይገባል እንላለን። የጥቁር አሜሪካውያንና የእስያውያን ስደተኞች ግንኙነት ይህን ጥያቄ ገሃድ ያወጣል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በማርች 1991 በደቡብ ሎስ አንጀለስ አንዲት የ15 ዓመት ጥቁር ልጃገረድ የብርቱካን ጭማቂ ልትገዛ ወደ አንድ ሱቅ ገባች። ዋጋው 1 ዶላር ከ79 ሳንቲም ነበር። ከኮሪያ የመጣችው ባለሱቅ ልትሰርቀኝ ነው ብላ ያዘቻት፤ ተናነቁ፤ ልጅቷ ጭማቂውን ባንኮኒው ላይ ትታ ልትወጣ ፊቷን ስታዞር ከኋላዋ በጥይት ተመትታ ወደቀች። በእጇ 2 ዶላር ነበር። ባለሱቋ ሰው በመግደል ጥፋተኛ ብትባልም፣ ዳኛዋ የ10 ዓመቱን እስራት በገደብ አልፋ፣ በ500 ዶላር መቀጮና በ400 ሰዓት የማኅበራዊ አገልግሎት ሥራ አሰናበተቻት። የኢኮኖሚ ትንተና ይህን ሐዘን አያቃልለውም፤ እኛም ልናቃልለው አንሞክርም።

በአፕሪል 1992 አንድን ጥቁር አሽከርካሪ ሲደበድቡ በቪዲዮ የተቀረጹ ፖሊሶች ጥፋተኛ ሳይባሉ ሲቀሩ ከተማይቱ ነደደች። ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከ2,000 በላይ የኮሪያውያን መደብሮች ተዘረፉ ወይም ተቃጠሉ። ፖሊስ ጠርተው ያጡ ባለሱቆች ጠመንጃ ይዘው ጣሪያ ላይ ወጡ። ካሜራው ጣሪያውን አሳየ፤ ከጣሪያው በስተጀርባ ያለውን የብድር መዝገብ የሚያሳይ ካሜራ ግን የለም።

መዝገቡ ረዥም ነው። ከ1930ዎቹ ጀምሮ የጥቁሮች ሰፈሮች በካርታ ላይ በቀይ እየተከለሉ የቤት ብድር ሲነፈጋቸው ኖሩ። ከ1965ቱ የዋትስ አመፅ በኋላ ትልልቅ ነጋዴዎች አካባቢውን ጥለው ወጡ። በዚያው ዓመት የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ለእስያውያን በር ከፈተ። በአገሩ የተማረ ኮሪያዊ ዲግሪው ዋጋ ሲያጣበት፣ «ኬ» በሚባል፣ የእኛን ዕቁብ በሚመስል መዋጮ ገንዘብ አጠራቅሞ ሌላው የተወውን ሱቅ ያዘ። ቤተሰቡ ከማለዳ እስከ ሌሊት ይቆምበታል። ከባንኮኒው ወዲህ ያለው ደንበኛ ደግሞ ብድር የተከለከለ ነው። ንኡስ ከበርቴውና ሥራ አጡ ሲፋጠጡ ዋናው ባለካፒታል በስፍራው የለም።

ደባው በብዕርም ታግዟል። በጃንዋሪ 1966 ዊልያም ፒተርሰን የተባለ ሶሲዮሎጂስት በኒው ዮርክ ታይምስ መጽሔት ላይ ጃፓናውያን አሜሪካውያንን የስኬት አርአያ አድርጎ አወደሰ። መንግሥት ከ1942 ጀምሮ 120,000 ያህል ሰዎችን በካምፕ ያጎረው ከዚሁ ሕዝብ መካከል ነበር! ሙገሳው ለጥቁሩ ሕዝብ የመብት ጥያቄ እንደ መልስ ሆኖ ሲያገለግል ኖሯል።

ሌላም ታሪክ አለ። ኢትዮጵያን ጨምሮ 29 አገሮች በ1955 በባንዱንግ ያወጁት የአፍሮ እስያ ወዳጅነት በማልኮም ኤክስ ንግግር ውስጥ አስተጋብቷል። ይሁን እንጂ የጉባኤ መግለጫ ጎረቤት አያደርግም። ጎረቤት የሆነችው ዩሪ ኮቺያማ ናት። ከእነዚያ ካምፖች በአንዱ ታስራ የወጣች፣ በኋላም በሐርለም ከጥቁሮች ጋር የኖረች ይህች ሴት፣ በፌብሩዋሪ 1965 ማልኮም ሲመታ ወደ መድረኩ ሮጣ ራሱን በጭኗ ላይ ደግፋ ይዛዋለች። በ1968ም በሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ኮሌጅ ጥቁሮችና እስያውያን ተማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው ወራት በፈጀ አድማ የራሳቸው ታሪክ የሚጠናበት ኮሌጅ እንዲከፈት አስገድደዋል።

በፊልምና በዘፈን መስክ ሁለቱም ገጽታ ይታያል። ብሩስ ሊ ከጥቁሩ ካራቴኛ ጂም ኬሊ ጋር በ1973 በ«ኢንተር ዘ ድራጎን» ሲታይ፣ የጥቁሮች ሰፈር ሲኒማ ቤቶች እንደ ራሳቸው ጀግና ተቀበሉት፤ ባዶ እጅ ባለጉልበትን ሲጥል ማየት ምን እንደሆነ የካራቴ ፊልም የወደደ የአገራችን ወጣትም ያውቀዋል። አይስ ኪዩብ ግን በ1991 ኮሪያውያን ባለሱቆችን የሚያስፈራራ ዘፈን አወጣ። ጭቁን መሆን ዘረኝነትን አይቀድሰውም። ባለሱቆቹም እርሱ የሚያስተዋውቀውን መጠጥ አንሸጥም ብለው አደሙ፤ በ1992 አግኝቷቸው ይቅርታ ጠየቀ። ያቀራረባቸው የመጠጥ ገበያ መሆኑን ልብ ይሏል።

ከቃጠሎው በኋላ የደቡብ ሎስ አንጀለስ ነዋሪዎች የመጠጥ መሸጫዎቹ ተመልሰው እንዳይከፈቱ ዘመቱ፤ ከተቃጠሉት ብዙዎቹ የኮሪያውያን ስለነበሩ ጠቡ እንደገና አገረሸ። አንዳንዶቹ ባለሱቆች በእስያውያን ማኅበር እገዛ ሱቃቸውን ወደ ልብስ ማጠቢያ ለወጡ።