ነብር ይጾማል ወይ? የጋሞ ልጆችና አንብቦ የመረዳት ትምህርት

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ በሚያወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ፣ በሸማ ሥራው አገር የሚያውቀው የጋሞው ዶርዜ አለ። ፈረንሳዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ዳን ስፐርበር እዚያ ተቀምጦ ሲያጠና፣ ነብር ክርስቲያን እንደሆነና የቤተ ክርስቲያንን አጽዋማት እንደሚያከብር ነገሩት። እንዲህ ብለው የነገሩት ሰዎች ግን ረቡዕም ዓርብም ከብታቸውን እንደ ሌላው ቀን ሁሉ ከነብር ይጠብቁ ነበር። ስፐርበር ይህን ነገር እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው መጽሐፉ አነሣው፤ ከ12 ዓመት በኋላም ከዴርድሬ ዊልሰን ጋር ሆኖ፣ ሰው ከተነገረው ተነሥቶ ያልተነገረውን እንዴት እንደሚደርስበት የሚያብራራ ሥራ ጻፈ። የቋንቋ ሊቃውንት ዛሬም ይከራከሩበታል።

እኔ የነብሩን ነገር የማነሣው ለሌላ ጉዳይ ነው። ለአራተኛ ክፍል ልጅ ይህን አንብባችሁለት «ነብር የሚጾም ከሆነ ዓርብ ቀን ለምን ከብት ይጠበቃል?» ብትሉት፣ መልሱን ከምንባቡ ውስጥ ጣቱን አስቀምጦ ሊያሳያችሁ አይችልም። ማሰብ አለበት። አንብቦ መረዳት የሚባለው ትምህርት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በክፍሎቻችን በብዛት የሚጠየቀው ግን «እውነት ወይም ሐሰት»፣ «አዛምዱ» እና «ባዶ ቦታውን ሙሉ» ነው።

የችግሩ ስፋት በቁጥር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 በኢትዮጵያ በ6 ቋንቋዎች በተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም፤ 48 በመቶው ደግሞ ስለ ታሪኩ ከተጠየቁት ቀላል ጥያቄ አንዱንም አልመለሱም። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ያሳዝነኛል። ፊደሉን ለይተው፣ ቃሉን ጠርተው፣ ታሪኩ ግን ያመለጣቸው ልጆች ያሉት እዚያ ነው።

ጎፍ እና ተንመር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 ይህን በአንድ ቀላል ስሌት አስቀመጡት። አንብቦ መረዳት ማለት ቃልን የማንበብ ችሎታ በቋንቋ ዕውቀት ሲባዛ ነው። ማባዛት ስለሆነ፣ ከሁለቱ አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱም ዜሮ ነው። ይህ ስሌት ለጋሞ ልጅ ምን ማለት እንደሆነ እንመልከት። ደጋ ላይ የተወለደ ልጅ እቤቱ ጋሞኛ ይናገራል፤ ትምህርት ቤት ጋሞኛን ሲማር የኖረው በላቲን ፊደል ነው፤ አማርኛን በግዕዝ ፊደል ያጠናል፤ እንግሊዝኛ ደግሞ እንደገና በላቲን ይመጣል። በጋሞኛ «ጥ» ተብላ የምትነበበው ኤክስ፣ እንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ሌላ ድምፅ ትሆናለች። በቀድሞው ደቡብ ክልል ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ስለነበረ፣ ልጁ በጋሞኛ ያጠራቀመው የቋንቋ ዕውቀት ሳይንስና ሒሳብ ሲጀምር ዋጋ ያጣ ነበር። ሲቀላና ሴቻ ሰፈር ያደገው የአርባ ምንጭ ልጅ ችግሩ ሌላ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ጨዋታው በአማርኛ ነው።

የቋንቋው ጉዳይ በዚህ አካባቢ ደም አፍስሷል። የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ የአፍ መፍቻ ቋንቋን ለመጀመሪያ ደረጃ ከፈቀደ በኋላ፣ የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች ቀይጦ «ወጋጎዳ» በሚል ስም የመማሪያ መጽሐፍ ተዘጋጀ። በ1992 ዓ.ም. ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተነሣ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ መጽሐፉም ተሰበሰበ። የነገሩን ፖለቲካ ለሌላ ጊዜ ልተወው። ከንባብ አንጻር ግን በማንም ቤት ውስጥ ተረት ባልተነገረበት ቋንቋ ልጅን ተረት አስነብቦ እንዲረዳው መጠበቅ ከመነሻው የማይሆን ነገር ነበር። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው የንባብ ፕሮግራም በ7 የአገር ውስጥ ቋንቋዎች አዲስ መጻሕፍት ሲያዘጋጅ፣ ከደቡብ ሲዳምኛን፣ ወላይትኛንና ሀዲይኛን ያዘ። ጋሞኛ አልገባም።

ስለ ማስተማሪያው ዘዴ ከተነሣ፣ ዓለምም ዘግይቶ ነው የነቃው። ዶሎረስ ደርኪን በአሜሪካ አራተኛ ክፍሎች ውስጥ ገብታ 4,469 ደቂቃ የንባብ ትምህርት ተመለከተች፤ መረዳትን ለማስተማር የዋለው 20 ደቂቃ ብቻ ሆኖ አገኘችው። መምህራኑ ልጆቹ ተረድተው እንደሆነ ይጠይቁ ነበር እንጂ እንዴት እንደሚረዱ አያሳዩም ነበር። ፓሊንሳርና ብራውን እ.ኤ.አ. በ1984 ያቀረቡት ዘዴ ለዚህ መልስ ነው። ልጆች በትንንሽ ቡድን ሆነው በየተራ መምህር ይሆናሉ፤ ቀጥሎ የሚሆነውን ይገምታሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ያልገባቸውን ያጣራሉ፣ ያነበቡትን በራሳቸው ቃል ያሳጥራሉ።

እኛ ዘንድ ይህ ሁሉ እንግዳ ነገር መስሎ መቅረቡ ይገርመኛል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ልጁ በንባብ ቤት ጮኾ ያነባል፤ ከዓመታት በኋላ ቅኔ ቤት ገብቶ ሰሙን ከወርቁ ይለያል፤ መጻሕፍት ቤት ሲደርስም ትርጓሜውን «አንድም» እያለ ይሰማል፤ የአንዱ ቃል ሁለትና ሦስት ፍች ጎን ለጎን ይቀመጣል። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ጮኾ በኅብረት ማንበቡን ወረሰ፣ «አንድም» ማለቱን ግን ለሊቃውንቱ ተወው። ጋሞም የራሱ አለው። የዱቡሻ ጉባኤ ነገር የሚፈታበት፣ የተናገረ ሰው ምክንያቱን የሚጠየቅበት አደባባይ ነው። ፈረንሳዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ማርክ አቤሌስ በጋሞ የኦቾሎን ጉባኤዎች አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1983 መጽሐፍ ጽፏል። ከአባቱ ጋር ዱቡሻ ዳር ቆሞ የሰማ ልጅ «ይህን ከምን ተነሥተህ አልክ?» የሚለውን ጥያቄ ያውቀዋል። ክፍል ውስጥ ግን ማንም አይጠይቀውም።

አንድ ምንባብ በቅርብ እንይ። መስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች መገደላቸው ሲሰማ፣ የአርባ ምንጭ ወጣቶች ለበቀል ተነሡ። ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩ። ወጣቶቹ ተመለሱ። ይህ በአራት ዐረፍተ ነገር ሊጻፍ ይችላል። «ሽማግሌዎቹ በእጃቸው ምን ያዙ?» ብትሉ ክፍሉ በሙሉ «ሣር!» ይላል። «ወጣቶቹ ለምን ተመለሱ?» ስትሉ ዝም ይላል፤ ምክንያቱ አልተጻፈማ። የጋሞ ልጅ ግን ከቤቱ ያመጣው አለው። ሣር የያዘ ሽማግሌን ተራምዶ ማለፍ ጎሜ ነው፤ ጎሜ ደግሞ የጣሰውን ሰው መከራ ላይ ይጥላል። ያንን ዕውቀት ከጽሑፉ ጋር ሲያጋጥመው መልሱ ይወጣል። የጎንደር ልጅ ያንኑ ምንባብ ቢያነብ ጎሜን አያውቅምና ሌላ ምክንያት ይፈልጋል። ፍሬደሪክ ባርትሌት እ.ኤ.አ. በ1932 እንዳሳየው፣ ሰው የማያውቀውን ባህል ታሪክ ሲደግም ወደሚያውቀው እያጠጋ ይለውጠዋል።

አንዱ ተማሪ «አቅም ስላጡ ነው የተንበረከኩት» ቢል «ተሳስተሃል» ማለት አይገባም። «ከየትኛው ቃል አገኘኸው?» ይባላል። ወደ ጽሑፉ ይመለሳል፤ አቅም ያጣ ሰው መንገድ ዘግቶ ለምን ሣር እንደሚይዝ ያስባል። ሉዊዝ ሮዘንብላት እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ ስትከራከርበት የኖረችው ይኸው ነው፤ ትርጉም በአንባቢውና በጽሑፉ መካከል ይፈጠራል፣ ጽሑፉ ግን አንባቢውን ይቆጣጠራል።

አንድ ልማድ ቢቀር ደስ ይለኛል። አባባ ተስፋዬ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከ40 ዓመት በላይ ተረት ሲነግሩን፣ ምክሩ ከታሪኩ በኋላ፣ ልባችን ከተነካ ወዲያ ነበር የሚመጣው። ክፍል ውስጥ ግን ገና ታሪኩ ሳይብላላ «ምን ተማራችሁ?» ይባልና ልጆቹ «ጥሩ ሰው መሆን» ብለው ይቀመጣሉ። ገጸ ባሕርይው ምን ፈለገ፣ ምን ከለከለው፣ ምን አደረገ የሚለው ሳይነሣ ታሪኩ ይዘጋል።

የሚነበብ ነገር ማነስ ሌላው ሸክም ነው። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ «ሲሊ ማሞ» (Silly Mammo) የተባለውን የልጆች መጽሐፍ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳትመው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ የሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍትን ከፈቱ፤ በሐዋሳም አህያ የሚጎትተው ቤተ መጻሕፍት አንቀሳቀሱ። ብሪታንያዊቷ ደራሲ ኤልዛቤት ሌይርድም በብሪቲሽ ካውንስል በኩል በየክልሉ ዞራ ተረት ሰብስባ ለትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አዘጋጀች። ለጋሞ ደጋ ልጅ ግን በራሱ ቋንቋ የሚያነበው የታሪክ መጽሐፍ ዛሬም ከሁሉ በላይ ያስፈልገዋል።

መጽሐፉ እስኪመጣ ግን መምህሩ እጁን አጣጥፎ አይጠብቅም። ጥቁር ሰሌዳው ላይ «ነብር ይጾማል» ብሎ ይጽፍና 60 ልጆቹን ማታ አያቶቻቸውን እንዲጠይቁ ይልካቸዋል። በማግስቱ እያንዳንዱ ልጅ አያቱ ያሉትን በጋሞኛ በሁለት መስመር ጽፎ ይመጣል። ደብተር ተለዋውጠው ያነባሉ። የአንዷ አያት «አዎ ይጾማል» ብለዋል፣ የሌላው አያት ደግሞ ስቀው «በሩን ግን ዝጋ» ብለዋል እንበል። መምህሩ ሁለቱን ደብተሮች ጎን ለጎን ያነሣና ይጠይቃል፤ ሁለቱ አያቶች ተጣልተዋል ወይስ አንድ ነገር ነው ያሉት?